ከታክሲ የወጣ ብረት

ባለፈው ሰሞን ከጎሮ አደባባይ ወደ ቤቴ በሚወስደው መንገድ ዳር ዳሩን ይዤ ስሄድ አንዲት ዝቅ ያለች መኪና ሽው ብላ አለፈችኝ። መልኳን በደንብ አላየሁትም፤ ዓይኔ ደክሟል። ግን ሹፌሩ እግሩን ከነዳጁ ላይ ሲያነሳ ያ ድምፅ መጣ፤ ትንፋሹን ውጦ የቆየ ሰው በአፍንጫው ሲለቀው ዓይነት። ከኋላዋ የጋለ ብረትና የተቃጠለ ዘይት ሽታ ትታልኝ ሄደች። ቱርቦ ናት። ባለቤቴ ደምሴ ቢኖር ኖሮ ጆሮውን ወደ መንገዱ አዘንብሎ «ዘግይታ ነው የነቃችው» ይል ነበር። እኔ ግን የሰው አጥር ተደግፌ ቆምኩ። አንዲት ተማሪ «እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አላመመኝም፤ ተናድጄ ነው» አልኳት። ፈገግ ብላ አለፈች።

ደምሴ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። ቤት ስደርስ ሐጂ ነስሩ በሬ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። ሐጂ በዕድሜ የገፉ፣ ድሮ ኦሎምፒያ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ይሸጡ የነበሩ፣ ዛሬ ደግሞ በሰፈራችን የተጣላውን ሁሉ የሚያስታርቁ ጎረቤቴ ናቸው።

«አስካለ፣ ክፉ ነገር ይዤ አልመጣሁም» አሉኝ።

«እርስዎ እንዲህ ካሉማ ይዘዋል ማለት ነው።»

ሳቁ። ቀጥለው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ዮናስ ለሙት ዓመቱ ልምጣ ይላል። ይቅርታ ሊጠይቅሽ ነው» አሉ።

ዮናስ ባሌን በሰው ፊት ሌባ ያለው ሰው ነው። ደምሴ ያችን ቃል ለብሶ ሃያ ምናምን ዓመት ኖረ፤ እንደለበሳትም ተቀበረ። እኔ በቀረኝ ዕድሜ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ቃሏን ያለበሰው ሰው ራሱ፣ በራሱ አፍ፣ በሰው ፊት እንዲያወልቃት። ይቅርታ ሌላ ጉዳይ ነው። «አስቤበት እነግርዎታለሁ» ብዬ ሐጂን ሸኘሁና በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ላስብ የተቀመጥኩት ሴትዮ ሳላውቀው ወደ ድሮዋ ቦሌ ሄድኩ።

የዚያን ጊዜዋ ቦሌ የዛሬዋ አይደለችም። መንግሥት ተለውጦ፣ ሰዓት እላፊ ተረስቶ፣ ሰው ሁሉ ከእስር የተፈታ ይመስል አመሻሽ ላይ በመንገዱ ወዲህና ወዲያ የሚንሸራሸርበት ጊዜ ነበር። ከኦሎምፒያ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ብዙው ግቢ ቪላ ነው፤ ካጥሩ ላይ ቡገንቪላ ይንጠለጠላል፤ ከግቢው ውስጥ ውሻ ይጮኻል። ማኪያቶ በአንድ ብር ይጠጣል። ታክሲ በሳንቲም ነው፤ ረዳቱ በበሩ ግማሽ አካሉን አውጥቶ «ቦሌ፣ ቦሌ፣ ቦሌ!» እያለ አጠገቡ ለቆመ ሰው ይጮኻል። ወንዶቹ ሰፊ ሱሪ እምብርታቸው ላይ ታጥቀው ይጎማለላሉ። እኛ ሴቶቹ ፀጉራችንን በቢጎዲን ጠቅልለን አድረን፣ ትከሻው ስፖንጅ ያለው ሸሚዝ እንለብሳለን። የእኔ አረንጓዴ ነበር፤ ደምሴ «ዛሬ ደግሞ መቶ አለቃ መስለሻል» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። አዲስ ካሴት በወጣ ቁጥር አንዱ ዘፈን ከኦሎምፒያ ተነስቶ አትላስ እስክደርስ ድረስ ከሱቅ ሱቅ እየተቀባበለ ይሸኘኝ ነበር። ኦሎምፒያ አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበርና ከሥራ ስወጣ በእግሬ ወደ አትላስ እሄዳለሁ። የደምሴ ጋራዥ እዚያ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ውስጥ ነበር። ዛሬ በቦታው መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል። አንድ ቀን ፊት ለፊቱ ቆሜ ሳየው ጥበቃው መጥቶ «እናቴ፣ እዚህ መቆም ክልክል ነው» አለኝ። «እኔ እዚህ የቆምኩት አንተ ሳትወለድ ነው» አልኩት። እሱም ትእዛዝ ነው አለኝ።

ዮናስ ወደዚያ ጋራዥ የመጣው ቀይ የጃፓን መኪና እየነዳ ነው። ነጋዴ አባት ያለው፣ ሃያዎቹን ገና የጀመረ፣ ሳቂታ ልጅ ነበር፤ አልዋሽም፣ ወድጄው ነበር። መኪናዋን አገሩ ከሚገባ ዲፕሎማት ነው የገዛት። እሁድ እሁድ ማለዳ መንገዱ ጭር ሲል ከጓደኞቹ ጋር ይሽቀዳደማሉ፤ ሁልጊዜም ሲነሱ ይቀድሙታል።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይቺ መኪና ዱባይ ትበራለች ይሉኛል። እዚህ ምን ነካት?»

«ዱባይ እኮ ከባሕሩ ጠርዝ ላይ ነው። ሸገር ተራራ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ሞተሯ ደግሞ ትንሽ ነው። አየር የሚነፋላትን ቱርቦ የሚያዞረው የሞተሩ ጭስ ነው፤ ጭሱ እስኪበረታ አንተ ተቀድመሃል።»

«ትልቅ ቱርቦ እንግጠምላታ!»

«ይባስ ትተኛለች። ሞተሯን ነው ማሳደግ።»

ማታ ቤት መጥቶ እንዴት እንደሚያሳድጋት ሲነግረኝ ራቱን ረሳ። ፒስተኑን ሽቅብ ቁልቁል የሚያስኬደው ክራንክ ሻፍቱ ነው አለኝ። «የብስክሌት ፔዳል አስቢ። ክንዱን ብታረዝሚው እግርሽ የበለጠ ይወርዳል፣ የበለጠ ይወጣል። ፒስተኑም ያው ነው። ረጅም መንገድ ከሄደ ብዙ አየር ይስባል። ሲሊንደሩን ሳታሰፊው፣ ሳትቦረቡሪው የሞተሩ ሆድ ሰፋ ማለት ነው። ጭሱ ይበዛል፤ ቱርቦው ቶሎ ይነቃል።»

«የበለጠ ከወጣ ከላይ አይጋጭም?»

«በለው! የኔ መምህርት!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። «ለዚያ ነው ፒኑ ከፍ ብሎ የተበሳ፣ አናቱ ያጠረ ፒስተን የሚያስፈልገው።»

ረጅሙ ክራንክ እዚሁ ነበር። ያው ፋብሪካ ለሚኒባስ የሠራው ትልቅ ሞተር አለ፤ ከቀይዋ መኪና ሞተር ጋር ወንድማማች ናቸው፤ ክራንኩን ወስደው ቢገጥሙት ልክክ ይላል። ደምሴ ተጋጭታ ከቆመች ታክሲ ላይ ገዝቶ አወጣው፣ ቶርኖ ቤት ወስዶ አስለካው፣ አስተካከለው። ፒስተኖቹን ዱባይ የምትመላለስ ነጋዴ ጎረቤታችን በሕፃን ልብስ ጠቅልላ በሻንጣ አመጣችልን። ጉምሩክ ላይ «ምንድን ነው?» ሲሏት «የወተት ጣሳ» አለች አሉ። ዮናስ በየቀኑ እየመጣ ያያል፤ ቱታ ለብሶ ብረት ያቀብላል። አንድ ነገር ብቻ ለመነን፦ «ለማንም እንዳትነግሩብኝ። ጓደኞቼ ከሰሙ ነገ ሁሉም የየራሱን ያሠራል፤ እንደገና ልቀደም ነው።» ደምሴ ማለለት። እኔም ማልኩ። ምሥጢሩን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ሆንን።

ያለቀች ቀን ደምሴ እኔን ከጎኑ አስቀምጦ ወደ ጎሮ ወሰደኝ። ያኔ ጎሮ የጤፍ ማሳ ነው፤ መንገዱ ኮረት፣ ሰማዩ ሰፊ። እንደድሮው ለአፍታ ማመንታት የለ፣ ነዳጁን ገና ነካ ሲያደርገው ጀርባዬ ወንበሩ ላይ ተለጠፈ። ጮህኩ። እሱ ሳቀ፤ እንዲያ ሲስቅ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ዛሬ የምኖረው እዚያው ማሳ ላይ በተሠራ ቤት ነው፤ አንዳንዴ ግቢዬን ስጠርግ ያ ጩኸቴ ከየትኛው ጥግ እንደነበር እፈልጋለሁ።

የአዲስ አበባ ባለመኪና መካኒክ አያምንም። ዕቃ ተቀየረ ከተባለ «አሮጌውን አሳየኝ» ይላል። ደምሴ ሳይጠየቅ ይሰጥ ነበር፤ ከመኪና የወጣ ነገር ሁሉ፣ ካንዴላም ብትሆን፣ በጨርቅ ተጠርጋ ለባለቤቷ ትመለሳለች። የቀይዋን መኪና የመጀመሪያውን ክራንክ ሻፍትም ግራሶ ቀብቶ፣ በጆንያ ጠቅልሎ፣ ከዮናስ ጋር ለሁለት ተሸክመው ከመኪናዋ ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ከተቱት። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። «አደራ፣ እንዳይዝግ። መኪናዋን ስትሸጥ ትፈልገዋለህ» አለው። ቀጥሎም «ሮዳጇን፣ የመለማመጃ ጊዜዋን፣ ሳትጨርስ እንዳትገርፋት፤ አዲስ ሞተር እንደ አራስ ነው፣ ቀስ ብላ ነው የምትለምደው። ክራንኩ ረጅም ስለሆነ ፒስተኑ ከድሮው ይፈጥናል። ቱርቦውንም እኔ በለካሁልህ ተዋት» አለው። ዮናስ ጉንጩን ሳመው። «እንደ ዓይኔ ነው የማያት ጋሼ!»

እንደ ዓይኑ ያያት እስከ ሠርጉ ድረስ ነው። ሙሽራ መኪና አይነዳም ቢሉት እምቢ ብሎ ሚዜውን ከኋላ ወንበር አስቀመጠ። የጥሎሹ ሻንጣ አልበቃ ስላለው ከመኪናዋ ኋላ ያለውን ዕቃ ሁሉ አራገፈ። ቱርቦውንም ራሱ ጠምዝዞ ከደምሴ ልክ በላይ አስነፈሰው፤ ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። እኛም ተጠርተን ነበርና ከአጀቡ ጭራ ላይ ነበርን። ቪዲዮ ቀራጩ ከፊተኛዋ መኪና ጣራ ወጥቶ፣ ጥሩምባው እየጮኸ፣ አበባው እየተበተነ ቦሌ መንገድን ስንይዝ ጓደኞቹ በግራ በቀኝ እየመጡ ይነካኩት ጀመር። አልቻለም። ሙሽሪትን ከጎኑ አድርጎ መኪናዋን ገረፋት። ቀይዋ መኪና ተስፈነጠረች፤ ሁሉንም ቀደመች፤ ኦሎምፒያ ሳትደርስ ግን ከሆዷ አንድ ነገር ፈነዳ፣ ጭስ ዋጣት፣ ዘይቷ አስፋልቱ ላይ ተዘረገፈ። ሙሽሪት ወርዳ ቬሎዋን ብትሰበስብም ጠርዙ ጠቁሯል። በመጨረሻ ተሳፋሪ አራግፎ የመጣ ሚኒባስ ታክሲ ጫናት፤ ረዳቱ «ሙሽራ ናት፣ መንገድ!» እያለ እስከ አዳራሹ ጮኸላት። ቪዲዮ ቀራጩ አንዱንም አላስቀረም።

በሳምንቱ ዮናስ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ጋራዡ በር ላይ መጣ። ሌላ ጋራዥ ሞተሩን ከፍቶ ያየውን ነግሮታል። ሰፈሩ ሁሉ ወጣ።

«ከታክሲ የወጣ ብረት ነው የከተትክብኝ!»

ደምሴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ። «ዮናስ፣ አብረን አይደለም እንዴ የገጠምነው?»

«እኔ? እኔ ቱርቦዋ ትተኛለችና አስተካክላት ነው ያልኩህ! ኦሪጅናሉን ክራንክ የት አባትህ አደረስከው?»

«ኋላዋ ውስጥ ለሁለት…»

«ሸጥከው! ሌባ!»

«ወንድ ከሆንክ እንድንደብቅልህ የለመንከንን ተናገር!» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺ ዝም በይ፤ ሚስት በባሏ ላይ መስክራ ታውቃለች እንዴ?» አለ፤ ሰው ሳቀ። አንዱ ከኋላ «ከታክሲ ከወጣማ ሌብነት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?» ሲል ሰማሁት። ክፋቱ ይህ ነው። ብረቱ በእርግጥ ከታክሲ ነበር የወጣው። እውነቱ ራሱ ሌባ መስሎ ቆመ፤ እውነቱን ሊያስረዳ የሚችለው አንድ ሰው ደግሞ ከሚስቱና ከአማቶቹ ፊት ያፈረበትን ቀን በባሌ ጫንቃ ላይ አራገፈው።

ደምሴን ፖሊስ ጣቢያ አሳድረውት ማስረጃ የለም ብለው ለቀቁት። ማስረጃ የለም ማለት ንጹሕ ነው ማለት እንዳልሆነ ያወቅነው ጋራዡ ባዶውን ሲውል ነው። ደንበኛ ቢመጣም ቁልፉን ሰጥቶ አይሄድም፤ ከጎኑ ቆሞ እያንዳንዷን ቡሎን ይቆጥራል። ጋራዡን ዘጋ፤ ወደ ጎሮ ወጣን፤ ታክሲ መንዳት ጀመረ። ረዳቶቹ «ደምሴ ክራንክ» የሚል ስም አወጡለት። ስሙ ከየት እንደመጣ የማያውቁ ልጆች ሳይቀሩ እንደዚያ ይጠሩት ነበር፤ እሱም አቤት ይል ነበር። አቤት ማለቱ ነበር እኔን የሚያቃጥለኝ።

እኔ አቤት አላልኩም። ለሚካኤል ተሳልኩ፤ ያን ሰው ካዋረድክልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ አልኩ። የንስሐ አባቴ ሲሰሙ «ልጄ፣ ሚካኤል ለእንዲህ ያለ ሥራ አይላክም» አሉኝ። ዮናስ አልተዋረደም። ወፈረ፣ ከበረ፣ አትላስ አካባቢ ፎቅ ሠራ። እኔም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፎቁ ስንት እንደደረሰ ቀና ብዬ አይና ሌላ እርግማን እጨምርበት ነበር። ደምሴ «ተይው፣ ልጅ ነበር» ይለኛል። ልጅ ነበር! እኛስ ምን ነበርን?

በማግስቱ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። «ለምን አሁን?» አልኳቸው።

መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። «የአባቱ መጋዘን ሲፈርስ ክራንኩ ተገኝቷል። በጆንያ እንደተጠቀለለ። ለጥሎሹ ሻንጣ ቦታ ሲለቅ አውርዶት ረስቶት ኖሯል።»

«መጋዘኑ መቼ ነው የፈረሰው?»

መቁጠሪያቸውን መልሰው አነሱ።

«ሐጂ፣ መቼ ነው?»

«ቆይቷል።»

«ደምሴ በሕይወት እያለ?»

«ታክሲ ይነዳ ነበር ያኔ» አሉ፤ ዓይናቸውን ሸሹብኝ። «አፈርኩ ይላል። ደምሴ ሲሞት ግን እንቅልፍ አጣሁ ይላል።»

እንቅልፍ አጣ! ከወንበሬ ተነሳሁ። ያን ዕለት የመጣብኝን ነገር ሁሉ ብጽፍ ወረቀቱ አይችለውም። «ይምጣ» አልኩ። «ግን ይቅርታ ብሎ እንዳይጀምር። የሆነውን ይናገር፣ ሰው በሞላበት፣ ቆሞ።»

«አስካለ፣ በሽምግልና ወግ በእልፍኝ ቢሆን? ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ልጁንም ይዞ ነው የሚመጣው።»

«በአደባባይ የተሰደበ በእልፍኝ አይካስም። ልጁንም ይዞ ይምጣ።»

ለሙት ዓመቱ ግቢዬ ውስጥ ድንኳን ተተከለ፤ ዕድርተኛው፣ ዘመዱ፣ የሰፈሩ ወጣት ሞላው። ያኔ ጋራዡ በር ላይ ከሳቁት ማንም የለም፤ ገሚሱ ሞቷል፣ ገሚሱ የት እንደገባ አላውቅም። ዮናስ ጥቁር ሱፍ ለብሶ ከሐጂ ኋላ ገባ። ፀጉሩ ሸሽቷል። አጠገቡ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች የምትመስል ሴት ልጁ አለች። ምግብ ከቀረበ በኋላ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው አስነሱት።

«ያው እንግዲህ… ወጣት ሆነን አንዳንድ አለመግባባት ተፈጥሮ…»

«አልተፈጠረም» አልኩ ከተቀመጥኩበት። «አንተ ነህ የፈጠርከው።»

ዮናስ ላቡን ጠረገ። «እኔ… ክራንኩን ያዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ደምሴ የሰረቀው ነገር የለም። የመጀመሪያው ክራንክ ቤታችን ነበር። ዋሽቻለሁ።» ብሎ ተቀመጠ።

ሃያ ምናምን ዓመት የጠበቅኩት ይህ ነበር። ዙሪያዬን አየሁ። አንዱ ወጣት ወደ ጓደኛው ጠጋ ብሎ «ምንድን ነው የጠፋው?» አለ። «የመኪና ዕቃ መሰለኝ» አለው ያኛው። ሰው እጁን ወደ ሳህኑ መለሰ። አንዲት ጎረቤቴ «እግዜር ይስጠው፣ እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው» አለች። የዮናስ ልጅ «አባዬ፣ ክራንክ ምንድን ነው?» ስትለው እሱ «በኋላ፣ በኋላ» አላት።

ከሐጂ ጋር ለዕርቁ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ቸኩለው ነበር። «በይ እንግዲህ አስካለ፣ ተነሺና ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ።»

አልተነሳሁም። «አልገባቸውም፤ ይድገመው።»

«አስካለ!» አሉ ሐጂ።

«ያኔ ሌባ ሲለው ሁሉም ገብቷቸው ነበር፣ ሐጂ። ይድገመው። ክራንክ ምን እንደሆነ፣ ረጅሙን ለምን እንደፈለገ፣ ማን እንደነገረው፣ ማን እንዳስማለን። እነዚህ ልጆች ሳይገባቸው ከዚህ ድንኳን የምወጣ እንዳይመስላችሁ።»

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። ዮናስ ሽማግሌዎቹን አየ፤ ማንም አላዳነውም። ተነሳ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ወደ ልጁ ዞሮ «አንዲት ቀይ መኪና ነበረችኝ…» ብሎ ጀመረ። ወንበሬን አስጠጋሁ። ሲሳሳት ከመጀመሪያው አስጀመርኩት።